ጠርቶሃል ያልኩህ ቀን

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 6። ጠዋት ሱቅ ስከፍት የቆጠርኩት፦ ሽፎን አሥራ አራት ጣቃ፣ የድሪያ ጨርቅ ሠላሳ አንድ፣ ሽርጥ ስድስት ደርዘን ከሦስት፣ ሻሽ አንድ ካርቶን ያልተከፈተ፣ አንድ ደግሞ ግማሽ የደረሰ። አይጥ የነካው የለም። ጥቁሩ ሽፎን አልቋል።

ዩሱፌ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ።

ከተለያየን ዛሬ በጨረቃ ቆጠራ አራት ወር ከአሥራ አምስት ቀን ሆነን። ዒዳዬን፣ የመበለት አራት ወር ከአሥር ቀን መቀመጫዬን፣ ጨርሼ ከቤት ከወጣሁ አምስተኛ ቀኔ ነው። ቅዳሜ ልጃችን ነጂማ መቃብርህ ዘንድ ወስዳኝ ነበር፤ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ሰላም ብዬህ ተመለስኩ። እዚያ ሰው ስለነበረ ያሰብኩትን ሁሉ አልነገርኩህም። ስለዚህ እጽፍልሃለሁ። የምጽፍበት ደብተር ያው የሱቁ ማስታወሻ ነው፤ ሰው ሱብሂ ሰግዶ ዚክር ያደርጋል፣ የኔዋ ግን ሻሽ ትቆጥራለች እያልክ የምትስቅበት። አሁንም እቆጥራለሁ። ስቆጥር ሐሳቤ ይሰበሰባል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ታች የሕንፃው ቢሮ ቀጠሮ አለኝ። ወይ ለሁለት ዓመት አዲስ ውል እፈርማለሁ፣ ወይ በዚህ ወር መጨረሻ ቤት ቁጥር ዘጠኝን እለቃለሁ። አንተ የተለየኸኝ በዚህ ቤት ውስጥ ስለሆነ መልቀቁ እንደ ሌላ ቤት መልቀቅ አይደለም፤ ይህን ለራሴ አልደብቅም። ከመፈረሜ በፊት ግን ስለዚህ ቤት አንድ የዋሸሁህን ነገር ልነግርህ ይገባል። አንተም ብትሆን የደበቅከኝ አለህ። ተራ በተራ እንሂድ።

አስቀድሜ የቤቱን ወሬ ላውራህ። ሱቁን አራት ወር ሙሉ ነጂማ ብቻዋን ያዘችው። ያንተ ልጅ ናት፣ አላሳፈረችንም። ግን አንድ ነገር አድርጋለች፣ ብትኖር አንድ ሳምንት አታናግራትም ነበር፤ በየጣቃው ላይ ዋጋ ጽፋ ለጥፋበታለች። የተጻፈው ነው፣ አይቀነስም፣ አይጨመርም። መጀመሪያ ደንበኞቹ ሊያብዱ ነበር አሉ። ያቺ ከመልካ ጀብዱ የምትመጣው፣ ካንተ ጋር ለአንድ ሽርጥ ግማሽ ቀን የምትከራከረው ሴትዮ ወረቀቱን ገልብጣ አይታ፣ ከጨርቁ ጋር ወረቀትም መሸጥ ጀመራችሁ ወይ፣ እሱንም በሜትር ነው፣ ብላ ሱቁን አስቃበታለች። ግን ገዝታ ሄደች። በሳምንቱም ተመልሳ መጣች። እኔ አላወለቅኩትም። ለምን እንዳላወለቅኩት በኋላ ይገባሃል።

የድሮውን ቤታችንን አስብ። ገንደ ቆሬ ያለውን። አከራያችን ክፉ ሰው አልነበረም። ጣሪያው ያፈሳል ስንለው ኢንሻ አላህ ይለናል፣ ከልቡም ነው የሚለው፤ ቆርቆሮው ግን አሥራ አንድ ዓመት ጠበቀ። ክረምት ሲገባና በሐረር በኩል ተራራው ሲጠቁር፣ እኛ ዘንድ ጠብታ ሳይወርድ ደቻቱ ወንዝ ሊሞላ ይችላል ብለን እቤት ያስቀመጥነውን ጨርቅ ሁሉ ቁም ሣጥን ላይ እናወጣ ነበር። አንተ ወንበር ላይ ቆመህ፣ እኔ ከታች እያቀበልኩህ። በመጨረሻው ክረምት አንድ ጣቃ አውጥተህ ሁለተኛውን ሳትቀበለኝ ግድግዳውን ይዘህ ቆምክ። ደክሞኝ ነው አልክ። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። እኔ በማግስቱ ቤት መፈለግ ጀመርኩ።

ሳቢያን ያለውን ይህን ሕንፃ ያገኘሁት በሰው ወሬ ነው። አፓርታማ ነው፣ አራት ፎቅ ነው፣ አስተዳዳሪው ጡረታ የወጣ የምድር ባቡር ሰው ነው፣ ሕንፃውንም እንደ ባቡር ጣቢያ ነው የሚያስተዳድረው አሉኝ። አንተ ሳቅክ። ባቡሩ ስንት ሰዓት ይነሳል ብለህ ጠየቅከኝ።

አብረን የሄድንበትን ቀን አንተ ከኔ በተሻለ ታስታውሰዋለህ፤ ለሰው ሁሉ ስታወራው ነው የኖርከው። ግን እኔ ያየሁትን ልንገርህ። አስተዳዳሪው አቶ ተካ ጠረጴዛው ላይ ሰዓቱን አስቀምጦ ተቀምጧል። ኪራዩን ነገረህ። አንተ ግማሹን ጠራህ። እሱ ያንኑ ዋጋ ደገመልህ። መጋላ ገበያ ውስጥ ስንት ዓመት እንደነገድክ፣ አባትህም እዚያው እንደነገዱ ነገርከው። በጽሞና ሰማህና ያንኑ ዋጋ ደገመልህ። ያን ጊዜ ተነሳህ። ደህና ይዋሉ ብለህ ወደ በሩ ሄድክ፣ በዚያ በዝግታ በምትሄደው አካሄድ። በኛ ገበያ እንዲህ የተነሳ ሰው አራተኛ እርምጃው ላይ ሳይደርስ ና እስቲ ተመለስ ይባላል። አንተ በሩን አለፍክ። ግቢውን አለፍክ። ከመንገዱ ማዶ ያልጠማህን ውሃ ገዝተህ ቆመህ ጠጣህ። የጫማህን ማሰሪያ ፈትተህ እንደገና አሰርከው። ማንም አልጠራህም። ባጃጅ ውስጥ፣ ነገ ይደውላል አልከኝ።

ሦስት ቀን ስልክህን የመሸጫው ጠረጴዛ ላይ ፊቷን ወደ ላይ አድርገህ አስቀመጥካት። ለደንበኛ ጨርቅ ስትለካ እንኳ ታያታለህ። እኔ የምታየውን አያለሁ። ያ ሰው እንደማይደውል ገና ቢሮው ውስጥ ሳለን ገብቶኛል። ዋጋ የሚቀንስ ሰው ዓይኑ ወደ በሩ ይሄዳል፤ የሱ ዓይን ከሰዓቱ አልተነሳም።

እና ውሸቴ ይኸውልህ። በአራተኛው ቀን፣ ምሳ በልተህ እንደተኛህ፣ ከተማው ሁሉ በሩን ዘግቶ በሚያርፍበት ሰዓት ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። አቶ ተካ ቢሮው ውስጥ ነበር። ልፈርም መጥቻለሁ አልኩት። ውሉን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ጮክ ብሎ አነበበልኝ፣ ልብስ የት እንደሚሰጣ የሚለውን ሳይቀር። አንድ ሰዓት ፈጀ። ዋጋው ያው ነው፣ አንዲት ሳንቲም አልጎደለም። በራሴ ስም ፈረምኩ። ያንተን ስም ላስገባው አስቤ ነበር፤ የሌለ ሰው በስሙ አይፈረምለትም አለኝ። ከዚያ አንድ ነገር ለመንኩት። ባለቤቴ ሲመጣ የጠሩት እርስዎ እንደሆኑ፣ የተከራየውም እሱ እንደሆነ አድርገው ይቀበሉት አልኩት። 

«ወረቀት ላይ አልዋሽም፤ ወረቀቱን ካልጠየቁኝ ግን አፌን አልከፍትም» አለኝ።

ቤት ስገባ ነቅተህ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠሃል። ሰውየው ጠርቶሃል አልኩህ። ፊትህን አሁንም አየዋለሁ። ጫማህን እያጠለቅክ «አላልኩሽም?» አልከኝ። በቃ፣ ይህ ነው። አልጠራህም ነበር፣ ዩሱፌ። ዋጋውም አልቀነሰም። ቀነሰ ብዬ የነገርኩህን ልዩነት የማውቀው እኔ ነኝ፤ ኪራዩን ወደ ቢሮ የምወስደውም እኔ ስለነበርኩ አላወቅህም ብዬ ኖርኩ።

ቤቱን ግን ሁለታችንም ወደድነው፣ እዚህ ላይ ውሸት የለም። አንደኛ ፎቅ ነው፣ አሥራ ስምንት ደረጃ። ታች ሰሌዳ አለ፤ ፓምፑ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ ሮቶው መቼ እንደሚታጠብ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ለምንና ለስንት ሰዓት እንደሚሠራ ተጽፏል፤ እንደተጻፈውም ይሆናል። የኛን ከተማ ውሃ ታውቀዋለህ፣ ማንቆርቆሪያውን በስድስት ወር ነጭ ድንጋይ ያደርገዋል። አቶ ተካ በየሦስት ወሩ የቧንቧዎቹን ጫፍ እየፈታ ያን ድንጋይ ያስጠርጋል። ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ቀን ላይ መዶሻና መቦርቦሪያ ክልክል ነው፣ ሰው ያርፋል። ለአረፋ በግ የሚታረድበት ቦታ ከሕንፃው ጀርባ ለይቶ ሲሚንቶ አስነጥፏል፣ የውሃ መውረጃም አለው። እሱ ክርስቲያን ነው፤ ቦታውን ሲያሠራ ግን ቂብላው፣ የስግደቱ አቅጣጫ፣ በየት በኩል እንደሆነ የጠየቀው አንተን ነው።

ከሁሉም የወደድከው የጥገና መዝገቡን ነው። ትልቅ ደብተር፣ ቢሮው በር ላይ በሰንሰለት የታሰረ። ቀን፣ የቤት ቁጥር፣ ጥያቄ፤ ቀጥሎ አቶ ተካ ተቀብያለሁ ብሎ የሚፈርምበት፤ በመጨረሻ የተፈጸመበት ቀንና ሰዓት። መጀመሪያ ሰሞን፣ ሰው ቧንቧው ተበላሸ ብሎ ለደብተር ይከሳል ወይ ብለህ ቀለድክ። ቧንቧው በማግስቱ ሲጠገን ቀልዱን ተውክ። ከዚያ በኋላ ከሕንፃው ሰው ሁሉ ያንተን ያህል የጻፈ የለም። በዚያ ከጆሮህ በማይለየው እርሳስ፦ የመታጠቢያው ወንፊት ተደፍኗል። የደረጃው አምፖል ብልጭ ድርግም ይላል። የቤት ቁጥር አሥራ አንድ ድመት መስኮታችን ላይ ትተኛለች። ለድመቷም ተቀብያለሁ ብሎ ፈርሞልሃል። የተፈጸመበት ላይ «ድመቷ ተነግሯታል» ይላል።

ወንበሩን ግን አንተ አልጻፍከውም። ደረጃው መታጠፊያ ላይ፣ ዘጠነኛው ጋ ስትደርስ ትቆም ነበር። ሰው ሲመጣ ስልክ የምታይ መስለህ። አንድ ጠዋት እዚያ ቦታ ላይ አረንጓዴ የፕላስቲክ ወንበር ተቀምጦ አገኘን። ማን እንዳስቀመጠው ማንም አልተናገረም። አንተም አልጠየቅክም። ተቀመጥክበት።

ሐምሌ 28 የሆነውን አንተ አታውቀውምና ልንገርህ። ሱብሂ ላይ ነበር ያለፍከው። ጀናዛህን ለማጠብ ሰዎች ሲመጡ ቧንቧው ደርቋል፤ ፓምፑ የሚነሳው በሁለት ሰዓት ነው። ነጂማ በባዶ እግሯ ወረደች። ምን እንዳለችው አላውቅም፣ ደረጃውን ተመልሳ ሳትወጣ ውሃው መጣ። አቶ ተካ ያን ሰሌዳ በሕይወቴ ሲያፈርስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሲያፈርሰውም በሥርዓት ነው፤ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ጽፎበታል፦ «12፡10፣ ከሰዓት ውጭ፣ ለአቶ ዩሱፍ።» ታች ያለውን አዳራሽ ለወንዶቹ ከፈተ፣ ወንበሮቹን ራሱ ደረደረ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሴራሚክ የሚያነጥፉትን ሦስት ቀን አስቆመ። ከዙሁር በፊት አንተን ይዘው ሲወርዱ መታጠፊያው ላይ ያለውን ወንበር አንስቶ በእጁ ይዞ ቆሞ ነበር፣ እንዲያልፉ። ካለፉ በኋላ ቦታው መለሰው። እኔ ከላይ ሆኜ አየሁት።

ከዚያ ዒዳዬን ተቀመጥኩ። ሰው ይመጣል፣ ይቀራል፣ ቀኑ ይሄዳል። እኔ የቀረኝ ሥራ መቁጠር ነው፣ ቆጠርኩ። ስቆጥር ነው ያስተዋልኩት። ውሌ የሚያልቀው መስከረም 30 ነው። ዒዳዬ የሚያልቀው ታኅሣሥ 1።

ሐዋ፣ ያቺ የቤት ቁጥር ስምንቷ፣ ጥቅምት ላይ የግመል ወተት ይዛልኝ መጣችና ወሬውንም ይዛ መጣች። የሕንፃው ባለቤት፣ ጅቡቲ ያሉት ሽማግሌ፣ ልጃቸውን ልከዋል። ልጁ ሕንፃውን በሙሉ ለኢንዱስትሪ ፓርኩ ባለሙያዎች ሊያከራይ ነው። «ወላል፣ እህቴ፣ ውሉ ያለቀበት ሁሉ ይወጣል ተብሏል» አለችኝ፣ ከዚያ ውሌ መቼ እንደሚያልቅ ጠየቀችኝ። ገና ነው አልኳት። አልቆ ነበር።

ቤት ቁጥር አራት ወጡ። ቤት ቁጥር አሥራ ሁለትም ወጡ፣ ፍራሻቸው በደረጃው ሲወርድ ሰማሁ። በደረጃው ላይ እግር በሰማሁ ቁጥር በሬን ሊያንኳኩ ነው እላለሁ። አልፈው ይሄዳሉ። ቁም ሣጥኑን ለካሁ፤ ነጂማ ቤት በር አያስገባውም፣ ይሸጣል። አልጋህን ለመስጊድ ልሰጥ አሰብኩ። ዕቃውን ሁሉ የሚሄድና የሚቀር ብዬ በዚህ ደብተር ጀርባ ላይ ጻፍኩ፤ አሁንም አለ። አላለቀስኩም። ግን የሚቀር በሚለው ሥር አንዲት ነገር ጽፌ ሦስቴ ሰርዤአታለሁ፤ የማይነሳ ነገር ነው፣ ያንተ ራስ ሁልጊዜ የሚደገፍበት ግድግዳ ላይ የቀረው ወዝ። እሱን እንኳን እኔ አቶ ተካም ሊያስነቅለው አይችልም።

ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር አለፈ፣ ማንም አላንኳኳም።

ዓርብ፣ በወጣሁበት የመጀመሪያ ጠዋት፣ ከሱቅም ከገበያም በፊት ቢሮ ወረድኩ። አቶ ተካ ብድግ ብሎ ተቀበለኝ፣ እንኳን በደህና ወጡ አለኝ። እኔ ቁጣ ይዤ ነበር የወረድኩት። ውሌ ካለቀ ሁለት ወር አልፎታል፣ ሌላው ሰው ደብዳቤ ሲደርሰው እኔን ለምን ዝም አሉኝ፣ ልወጣ ከሆነ አስቀድሞ ማወቅ ነበረብኝ አልኩት።  የጥገና መዝገቡን ከሰንሰለቱ ፈታው። ቅጠሉን ወደኋላ ገለበጠ፣ መስከረምን፣ ነሐሴን፣ ሐምሌን አለፈ። ግንቦት ላይ ቆመና ወደኔ አዞረው።

ከላይ፦ ቤት ቁጥር ሁለት፣ የኩሽና ቧንቧ ይንጠባጠባል። ከታች፦ ቤት ቁጥር አሥራ አራት፣ የመስኮት መስታወት ተሰንጥቋል። በመካከላቸው ያንተ እርሳስ፦

«ቤት ቁጥር 9። እኔ ቀድሜ ከሞትኩ፣ ባለቤቴ ዒዳ ላይ እስካለች ድረስ ስለ ቤቱ ማንም ደረጃ ወጥቶ እንዳያነጋግራት። ውሉ በስሟ መሆኑን አውቃለሁ። ዩሱፍ።»

ተቀብያለሁ፣ ተካ። የተፈጸመበት የሚለው ባዶ ነበር።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ የቤት ቁጥር ሁለትን ቧንቧ አነበብኩ። ሌላ የማነበው ነገር ፈለግኩ።

አቶ ተካ ነው የነገረኝ። ቤቱ በገባን በመጀመሪያው ሳምንት ብቻህን ወርደህ ነበር። ውሉን አሳየኝ አልከው፤ ተነስተህ በመውጣትህ ስንት እንዳስቀነስክ በዓይንህ ልታይ፣ ለጓደኞችህ ልታወራው። ወረቀት ጠየቅከው፣ ስለዚህ አሳየህ። ስሜን አየህ። ዋጋውን አየህ። የተፈረመበትን ቀን አየህ። ወንበር ስቦ አስቀመጠህ፤ ትከሻህ እስኪንቀጠቀጥ ሳቅክ አለኝ። ስትወጣ በሩ ላይ ዞረህ ያልከውን ቃል በቃል ያዘው።

«ለእሷ እንዳትነግራት። ጠርቶሃል ብላ የደከመችበት ነገር ነው።»

እና ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለት ወር ሙሉ ሱቅ ለመጣ ሰው ሁሉ ስታወራው ኖርክ። ተነሳሁ፣ ሄድኩ፣ ሰውየው በአራተኛው ቀን መቋቋም አቅቶት ጠራኝ ትላለህ። ኧረ አቦ ንግድ እንዲህ ነው ትላለህ። ስትጨርስ ደግሞ ወደኔ ዞር ብለህ፣ አይደለም እንዴ ዘይነባ፣ ትለኛለህ። እኔ ጨርቅ እያጠፍኩ፣ አዎ ነው፣ እላለሁ። እኔ አንተን ደስ ያሰኘሁህ መስሎኝ ነበር። ማን ማንን ደስ ሲያሰኝ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ።

የባለቤቱ ልጅ ነገር እንዲህ ሆነ። ጥቅምት ላይ ዘጠኝ ቁጥር ውሉ አልቋልና ደብዳቤ ጻፍላት ብሎት ነበር። አቶ ተካ መዝገቡን አሳየው። የተቀበልኩት ጥያቄ ነው፣ ገና አልተፈጸመም፣ እስኪፈጸም የዚያ ቤት ነገር አይነሳም አለው። ልጁ በጥገና መዝገብ ሊያስቆመኝ ነው ብሎ ሳቀ አሉ። አቶ ተካ፣ ጣቢያ ላይ ቀይ ምልክት ካለ ባቡሩ የማንም ይሁን ይቆማል ብሎ መለሰለት። ልጁ አቶ ተካን ሊከስ ጅቡቲ ለአባቱ ደወለ። ሽማግሌው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፣ ሴትዮዋ ዒዳ ላይ ናት ወይ። ናት ሲባል፣ እንግዲያማ ምን ታወራለህ ብለው ዘጉበት። አዲሱን ኪራይም የቆረጡት እሳቸው ናቸው። ጨምሯል፤ ከሰፈሩ ግን አይበልጥም፣ ዞሬ ጠይቄአለሁ።

አቶ ተካ ብዕሩን አውጥቶ ሰዓቱን አየ። ልዝጋው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ይዝጉት አልኩት። ዓርብ፣ ታኅሣሥ 2፣ 3፡20 ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ። ከዚያ መዝገቡን ሰንሰለቱ ላይ መለሰው።

ወደ ላይ ስወጣ መታጠፊያው ላይ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ አልፌው እንጂ ተቀምጬበት አላውቅም። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ሐዋ ቅርጫት ይዛ ስትወርድ አየችኝና ተመልሳ ገባች። ምናልባት ገበያ ሳትሄድ ውላለች።

አሁን ሁሉም ተነግሯል። እኔ አልዋሽህም፣ አንተም የምትደብቀኝ የለም። ሰው ያለ ክርክር መግዛት ይችላል ብዬ የነጂማን ወረቀት ያላወለቅኩት ለዚህ ነው፤ አንተ በክርክር የተሸነፍክበትን ቤት ከድል ሁሉ አስበልጠህ ኖርክበት። ግን ለዚያች ለመልካ ጀብዱዋ ሴትዮ፣ በዓመት አንድ ቀን፣ አንተ በተለየኸኝ ቀን፣ ወረቀቱን አነሳላታለሁ፣ እንደልቧ ትከራከረኝ። ይህን ቃል እገባልሃለሁ። ተነስታ ከሄደች በአራተኛው እርምጃ እጠራታለሁ። ሌላውን የማስታውስህበትን ነገር ሁሉ መጻፍ አያስፈልገኝም፤ ደረጃውን በወጣሁ ቁጥር ዘጠነኛው ላይ አለህ።

ነገ፣ ረቡዕ።

ሦስት ሰዓት ቢሮ። ጉርድ ፎቶ ሁለት፣ የመታወቂያ ኮፒ። ዋጋውን ሲነግረኝ ተነስቼ ደህና ይዋሉ ብዬ እስከ በሩ መሄድ፣ በዝግታ። አይጠራኝም። ተመልሶ መፈረም።

ከመውጣቴ በፊት መዝገቡ ላይ፦ ቤት ቁጥር 9። የደረጃው መታጠፊያ ወንበር አንድ እግሩ ተሰንጥቋል። ይጠገን እንጂ አይነሳ።

ሲመለሱ ጥቁር ሽፎን፣ ሁለት ጣቃ።